ሙያ፦ የላቸውም

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ቤት ዝግ በነበረባቸው ሳምንታት፣ ጎንደር ውስጥ ለተካሄደ አንድ የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ከደረሱኝ ቤቶች አንዱ አዲስ ዓለም የሚገኝ የአንድ ሸማኔ ቤት ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ የእናቴ የረጅም ዘመን ጎረቤት ስለነበሩ እኔም «ጋሼ» እያልሁ ነው ያደግሁት። የእናቴን የሰርግ ቀሚስ የሠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ክርስትና ስነሣ የታቀፍሁበትን ነጠላም የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ያ ነጠላ ዛሬም እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ጥለቱም አልደበዘዘም።

መጠይቁ «የሙያ ደረጃ» የሚል ረድፍ ነበረው። አማራጮቹ ሦስት ናቸው፦ ከፍተኛ ሙያ ያለው፣ መካከለኛ ሙያ ያለው፣ ሙያ የሌለው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደላት የሰፈረው መመሪያ ደረጃው የሚወሰነው መልስ ሰጪው ባጠናቀቀው የመደበኛ ትምህርት ክፍል መሆኑን ይገልጻል። ጋሼ ከቁርኣን ትምህርት በቀር ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። እሳቸው እግራቸውን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሱ እኔ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። ቡና ያቀረበችልን ልጃቸው በዚያ ዓመት 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ነበርና ለእርሷ ሁለተኛው ሣጥን ደረሳት። ከዚያም ስለ መጠጥ ውኃ ወደሚጠይቀው ገጽ አለፍሁ።

ያቺ ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። እኔ የምተዳደረው ኢኮኖሚክስ በማስተማር ነው፤ «የሠለጠነ» እና «ያልሠለጠነ» የሰው ኃይል የሚሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኋቸው አላውቅም። ዓለም አቀፍ ንግድ የማንን ደመወዝ ከፍ እንደሚያደርግ፣ የማንን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ ማንን ከሥራው እንደሚያፈናቅል የሚነገረው ትምህርት በአብዛኛው የቆመው በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ነው። የሁለቱ ቃላት መለኪያ ደግሞ እኔ በዚያ ቀን በጋሼ ቤት የተጠቀምሁበት የክፍል ቁጥር ነው። «ሙያ በልብ ነው» ይላል የአገራችን ሰው፤ መጠይቁ ልብን የሚመዘግብበት ሣጥን አልነበረውም፤ ጣትን የሚመዘግብበትም እንዲሁ።

ይህ ንቀት በመጠይቅ የተጀመረ አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ፋቂውን በሥራቸው መስደብ ከኖርንበት ነውር አንዱ ስለነበረ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁን በታሪክ መጽሐፍ ሳነብ ያ ዘመን አልፏል ብዬ ነበር። እኔው ራሴ የዚያን ስድብ ጨዋ የሆነ ቅጂ በእስክሪብቶ እንደጻፍሁት የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ጨርቅ ሲገለበጥ ሳይ ነው።

ጨርቁ ሲገለበጥ

ታናሽ እኅቴ በ2016 ዓ.ም. ጥር ልትዳር ቀን ተቆረጠ። ለእርሷና ለሚዜዎቿ የሚሆነውን ሁሉ በእጅ ለማሠራት ብናሰላው ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ስለዚህ እኅቴ አራዳ ከሚገኝ ሱቅ ጥለት ያለው ከውጭ የገባ ጨርቅ በሜትር ገዛች። ዋጋው ከእጅ ሥራው ሲሶ አይሞላም ነበር። ወደ ጋሼ ቤት የሄድሁት ለእናቴ ከዚያ ጨርቅ ቀለም ጋር የሚስማማ ነጠላ እንዲሠሩልኝ ለማዘዝ ነው። ቀለሙን እንዲያዩት ጨርቁን ከፌስታሉ አወጣሁት። በእውነቱ ሳወጣው እጄ ከብዶኝ ነበር።

እሳቸው ቅር ያላቸው አይመስሉም። ጨርቁን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት፤ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል አሸት አሸት አደረጉት፤ ከዚያም ገለበጡት። ሸማኔ ጥለትን የሚያነበው ከጀርባው ነው፤ ፊቱ ውበቱን ሲያሳይ ጀርባው ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደታሰረ ይናገራል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣

«ይኸን የሠራው የእኛው ሰው ነው» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ፤ ከውጭ የገባ ነው፤ የፋብሪካ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል ልጄ። እስቲ እዪ፤ እዚህች ላይ ክር ሲቆጥር ስቷል።»

በጥፍራቸው ያመለከቱኝ ትንሽ መስቀል ነበረች። የቀኝ ክንዷ እንደ ደረጃ አራት ጊዜ ይወርዳል፤ የግራ ክንዷ ሦስት ጊዜ ወርዶ ይቆማል። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ወረዱና ሌላዋን መስቀል አሳዩኝ፤ እርሷም አራትና ሦስት ናት። ቀጥለው ሌላዋን፣ ቀጥለው ሌላዋን። ጥለቱ በሙሉ ያችን አንዲት ጉድለት በየስንዝሩ ተሸክሞ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል።

«ይኸ የአንድ ሰው የአንድ ምሽት ስሕተት ነው» አሉ ጋሼ። «መብራት ጠፍቶበት ይሆናል፤ ደክሞትም ይሆናል። ሸማኔ አንዷ ላይ ቢስት በምትቀጥለው ላይ ያርማታል። ይኸኛው ግን የሚያርመው ሰው አላገኘም።»

ጨርቁን አጥፈው ሲመልሱልኝ ምን እንደመለስሁላቸው አላስታውስም። ነገሩ ግን ወለል ብሎ ታየኝ። የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ሽሮ ሜዳ፣ ምናልባትም እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሸማኔ አንድ ጥለት ሠርቶ ሸጧል። ገዢው ያንን ናሙና ባሕር አሻግሮ ወስዶታል፤ ናሙናው በኮምፒውተር ተነብቦ የማሽን ትእዛዝ ሆኗል፤ ማሽኑም ከነስሕተቱ አባዝቶ ወደ እኛው ገበያ መልሶታል። ሸማኔው የተከፈለው የአንድ ነጠላ ዋጋ ነው። ሙያው ግን ከዚያ በኋላ በየሜትሩ እየተቆረጠ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከዚያ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም ወደ እርሱ የምትመለስበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ጋሼን ከገበያ የገፋቸው «ሙያ የሌለው» ጉልበት በሌላ ርካሽ ጉልበት መተካቱ ብቻ አይደለም። ገበያው የእርሳቸውን ብጤዎች ሙያ ከእጃቸው ነጥሎ፣ ያለ እነርሱ ሊንቀሳቀስ ወደሚችል ነገር ለውጦታል። ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ። በ1804 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ጃካርድ በተበሳ ካርድ የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ ሲሠራ፣ ያደረገው የሸማኔን የጣት ቆጠራ በካርድ ቀዳዳዎች መጻፍ ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ያንኑ ካርድ ቢያፈጥነው ነው።

ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት

በክፍል ውስጥ ስለ ንግድ ሳስተምር የምጀምረው ሁሉም እንደሚጀምረው በእንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ በዴቪድ ሪካርዶ ነው። በ1817 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንግሊዝ ጨርቅ፣ ፖርቱጋል ወይን ጠጅ ቢሠሩና ቢለዋወጡ ሁለቱም አገሮች እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ምሳሌው በጨርቅ መሆኑን እስከዚያ ቀን ልብ አላልሁትም ነበር። ልብ ያላልሁት ሌላም ነገር አለ፦ ሪካርዶ በ1821 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ እትም ላይ ስለ ማሽን አንድ ምዕራፍ ጨምሮ፣ ማሽን ለሠራተኛው መደብ ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚለውን የቀድሞ አስተሳሰቡን በይፋ ቀይሯል። የመጀመሪያውን ሐሳብ ለዓመታት ሳስተምር የታረመውን ለተማሪዎቼ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም።

ከሪካርዶ ቀጥዬ የማስተምረው በ1941 እ.ኤ.አ. ቮልፍጋንግ ስቶልፐርና ፖል ሳሙኤልሰን ያቀረቡትን ሐሳብ ነው። በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፦ አንድ አገር በብዛት ያለው ብዙ ያልተማረ ጉልበት ከሆነ፣ ድንበሩን ለንግድ ሲከፍት ዓለም ከእርሱ የሚገዛው ያንን ጉልበት የሚፈልገውን ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ያልተማረው ሠራተኛ ተፈላጊ ይሆናል፣ ደመወዙም ይጨምራል። በሀብታም አገር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የተማረው ይጠቀማል፣ ያልተማረው ይጎዳል። እንደ እኛ ላለ አገር ይህ የምሥራች ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ድምፄ ከፍ ይል እንደነበር አስታውሳለሁ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ፒኔሎፒ ጎልድበርግና ኒና ፓቭችኒክ በ2007 እ.ኤ.አ. የታዳጊ አገሮችን ተሞክሮ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ሜክሲኮን፣ ኮሎምቢያን፣ አርጀንቲናንና ሕንድን በመሳሰሉ ገበያቸውን በከፈቱ አገሮች የተማረውና ያልተማረው ሠራተኛ የደመወዝ ልዩነት እንደመጥበብ ሰፍቶ አግኝተውታል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በርካታ አገሮች ገበያቸውን ከመክፈታቸው በፊት በከፍተኛ ቀረጥ ይጠብቁት የነበረው ብዙ ያልተማረ ጉልበት የሚቀጥሩትን ዘርፎች ነበር፤ ቀረጡ ሲነሣ የመጀመሪያው ምት ያረፈው በእነዚያው ላይ ነው። ከሀብታም አገር ወደ ድሃ አገር የሚዛወረው ሥራ እዚያ ዝቅተኛ ቢባልም እዚህ ሲደርስ ከብዙዎቹ ሥራዎች የበለጠ ትምህርት የሚጠይቅ ይሆናል። ከውጭ የሚገባው ማሽን ደግሞ አብሮት የሚሠራ የተማረ ሰው ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ፣ ብዙ ርካሽ ጉልበት አለኝ የሚል አገር ሁሉ ከእርሱ የበለጠ ርካሽና የተደራጀ ጉልበት ያለው አገር ገበያውን ሲቀላቀል ተስፋው ይጠብባል። ቻይና በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን በብዙ ድሃ አገሮች ላይ የሆነው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ በጎንደር ዓይን ሳየው ከመጽሐፉ ይልቅ ይገባኛል። ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን የተከለ ሱቅ አለ፤ የሚያንቀሳቅሰው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲፕሎማ አለው፤ በዚያ ማሽን ገቢው ከእኔ ደመወዝ አልፏል። ጨርቁን ያስመጣው ነጋዴ ተጠቅሟል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣው ትራንዚተር ተጠቅሟል። ጭነቱን ከጅቡቲ የሚያመጣው ሾፌር ተጠቅሟል። እኅቴም ተጠቅማለች፤ ይህን መካድ አልችልም። በእጅ ይሠራ ቢባል ኖሮ ከስድስቱ ሚዜዎች አራቱ ጥለት አይለብሱም ነበር። ጥቅሙ በከተማው ላይ እንደ ካፊያ ተበትኗል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ደርሶታል። ጉዳቱ ግን እንደ ጎርፍ ባንድ ሰፈር፣ ባንድ ሙያ፣ በጥቂት ቤቶች ላይ ነው የወረደው። ድምር ሲሠራ ካፊያው ከጎርፉ ሊበልጥ ይችላል፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን በድምሩ አያድርበትም።

ሰሊጡ አይጠብቅም

ያ ጨርቅ የተገዛበት ዶላር ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከጎንደር ወደ ምዕራብ ወርዶ መተማና ቋራ ያገኘዋል። ነጭ ሰሊጣችን «ሑመራ ጎንደር» በሚል ዓይነት በምርት ገበያው ይመደባል፤ ዋነኛ ገዢዎቹም ቻይናና እስራኤል ናቸው። ስቶልፐርና ሳሙኤልሰን ቃል የገቡት ነገር በእኛ አካባቢ የሚታይ ከሆነ መታየት ያለበት እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ሰሊጥ ከአረም እስከ አጨዳ የሚፈልገው የሰው እጅ ነው።

በእርግጥም ለጥቂት ሳምንታት ይታያል። የሰሊጥ ፍሬ ሲደርስ ቆባው ከታች ጀምሮ ራሱን ይከፍታል፤ በሰዓቱ ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ባለሀብቱ መጠበቅ አይችልም፤ ሠራተኛው ግን ለአንድ ቀን እንኳ መጠበቅ ይችላል። ባለፉት ዓመታት ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ጆንያቸውን ሸክፈው ገንዳ ውኃ ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ የሚያወሩልኝ ስለዚያ ክርክር ነው። ጠዋት በመቅጠሪያው ሥፍራ ቆመው አንደኛው ባለ መሬት ያቀረበውን ዋጋ ሌላው እስኪያልፈው ዝም ይላሉ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ «ያልሠለጠነ» የተባለው ሰው ዋጋውን ራሱ የሚቆርጥባቸው የዓመቱ ጥቂት ጠዋቶች እነዚያ ናቸው። ይህን አቅም የሰጠው ዲፕሎማ አይደለም፤ የሰሊጡ ቆባ ነው።

ሰሊጡ በሂላ፣ ማለትም ነዶው ተደጋግፎ በሚቆምበት ክምር፣ ከደረቀ በኋላ ግን ያ አቅም ያበቃል። ዋጋው ወደ ላይ ቢወጣ ጥቅሙ ምርቱን በመጋዘን አቆይቶ ዋጋውን በስልኩ የሚከታተለው ሰው ነው። ዋጋው ቢወድቅ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚታረሰው መሬት ይቀንሳል፤ የሚቀጠረውም ሰው እንዲሁ። አጫጁ ከዚያ ቆላ ይዞት የሚመለሰው ሌላ ነገርም አለ። በሌሊት በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ከምትኖረው የአሸዋ ዝንብ የሚመጣው ካላዛር ስንቱን ጎልማሳ እንዳከሳ የጎንደር ሰው ያውቀዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ብቻ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያለው በከንቱ አይደለም። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ሲሰላ ይህም መቀነስ ነበረበት። በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ ተቀንሶ አላየሁትም።

ኮሌታ

ጋሼ ጨርቁን የገለበጡ ዕለት ልጃቸውም ቤት ነበረች። በ2010 ዓ.ም. «መካከለኛ ሙያ ያላት» ብዬ የመዘገብኋት ልጅ በማግሥቱ ዓመት ከጎንደር ርቆ ወደሚገኝ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሄዳ በልብስ ስፌት ተቀጥራ ነበር። ምን እንደሠራች ስጠይቃት «ኮሌታ» አለችኝ። ሸሚዙ ከእርሷ በፊትና ከእርሷ በኋላ በብዙ እጆች ያልፋል፤ የእርሷ ድርሻ ኮሌታውን ከአንገቱ ጋር ማያያዝ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ኮሌታ ገጠመች። አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን ሰፍታ አታውቅም።

በዚያን ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ብዙ ተብሏል። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ያወጣው ዘገባ የሐዋሳው ፓርክ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአገራችን አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ተከታትለው ነበር። ሥራውን ካገኙት ውስጥ ወደ ሲሶ የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ ዓመቱ ሲሞላ የለቀቁት 77 በመቶ ደርሰዋል። በፋብሪካው ምትክ ሥልጠናና ወደ 300 ዶላር የሚሆን መነሻ ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ በዓመቱ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ሲታይ ግን ይህም ልዩነት ጠፍቷል። ይህን ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ልጆቹ ትዕግሥት ያጡ መስሎኝ ነበር። የጋሼን ልጅ ካነጋገርኋት በኋላ እንደዚያ አላስብም። የፋብሪካው ደመወዝ ገበያ ላይ ጉሊት ይዛ ከምታገኘው አይበልጥም ነበር፤ የቤት ኪራይ አለበት፣ ቀኑን ሙሉ በአቧራ ውስጥ መዋል አለበት።

እርሷ ግን አልለቀቀችም፤ ሥራው ነው የለቀቃት። አሜሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ዕቃዎችን ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረው አጎዋ የተባለው ዕድል ለኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነሣ። ውሳኔው ከጦርነቱ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ስለ ኮሌታ ገጣሚዋ ያሰበ አልነበረም። ትእዛዝ ቀነሰ፣ መስመሩ ታጠፈ፣ ልጅቱም ወደ አዲስ ዓለም ተመለሰች። ይዛው የተመለሰችው ሙያ ኮሌታ ነው። ከዚያ ማሽን፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ የገዢ ትእዛዝ ውጭ ኮሌታ ብቻውን አይለበስም።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው የሠራሁት የምዝገባ ስሕተት ሌላ ገጽታ ያዘልኝ። «ሙያ የላቸውም» ያልኋቸው አባት ከባዘቶው እስከ ጥለቱ ሙሉውን ልብስ ያውቃሉ፤ «መካከለኛ» ያልኋት ልጅ የምታውቀው አንዲት ቁራጭ ነው። ዓለም አቀፍ ንግድ ሁለቱንም ነክቷቸዋል፤ የነካቸው ግን በትምህርት ደረጃቸው መሠረት አይደለም። አባትየውን የጎዳቸው ሙያቸው ሊቀዳ የሚችል መሆኑ ነው። ልጅቱን የጎዳት ሙያዋ ከሌላ ሰው ማሽን ውጭ መቆም የማይችል መሆኑ ነው። ስለ ደመወዝ ስናስብ ሰውዬው ስንተኛ ክፍል ነው ከማለታችን በፊት፣ የሚያውቀው ነገር ያለ እርሱ መሄድ ይችላል ወይ፣ እርሱስ የሚያውቀውን ይዞ መሄድ ይችላል ወይ ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ወደ እውነቱ እንቀርብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ግሥ

የንግድን ጥቅም የሚያስተምሩ መጻሕፍት ጉዳቱን አይክዱም። በ1939 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ካልዶርና ጆን ሂክስ ያበጁት መልስ አላቸው፦ የተጠቀሙት ካገኙት ትርፍ የተጎዱትን መካስ ይችላሉ፣ ይተርፋቸዋልም ከተባለ ለውጡ መልካም ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ የቆመባት ግሥ «ይችላሉ» የምትለው ናት። መካስ ይችላሉ ማለት ካሱ ማለት አይደለም። እኛ እኅቴን ስንድር ያተረፍነውን ገንዘብ ቆጥረን ለጋሼ የወሰድንላቸው አንዳች ነገር የለም፤ ማንም እንድንወስድ አልጠየቀንም።

ሀብታም አገሮችም ቢሆኑ በዚህ ረገድ የሚቀና ታሪክ የላቸውም። አሜሪካ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንግድ ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ሠራተኞች መቋቋሚያና ሥልጠና የሚሰጥ ሕግ ነበራት። ሆኖም ዴቪድ ኦተር፣ ዴቪድ ዶርንና ጎርደን ሃንሰን በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቻይና ዕቃ በብዛት የተፎካከራቸው የአሜሪካ አካባቢዎች የፋብሪካ ሥራ እንዳጡ፣ ሥራ አጥነት እንደጨመረባቸው፣ ከፋብሪካ ውጭ ያለው ሠራተኛ ደመወዝ እንኳ እንደወረደ አሳይተዋል። በኋላ በሠሩት ጥናት ደግሞ ጉዳቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሽር መቆየቱን ጽፈዋል። መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች አልሄዱም። በሰሜን ካሮላይና የቤት ዕቃ ይሠራ የነበረው ጎልማሳ ቤቱን፣ እናቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ያልሄደበት ምክንያት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ጋሼ አዲስ ዓለምን ለቀው ወዴት ይሄዳሉ? ለዓመታት ያዋጡበት እድር እዚያ ነው፤ መስጊዳቸው እዚያ ነው፤ የሽመና ጉድጓዳቸው የተቆፈረው እዚያ ቤት ወለል ላይ ነው።

ከሰርጉ ወራት በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ጨርቅ ሲወደድ የእጅ ሥራ ገበያው ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው ባለቀለሙን ክር አነሡና አሳዩኝ። እሱም የውጭ ነው። እሱም ተወድዷል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ጋቢ ነው፤ ማጉ ሴቶች በእንዝርት የሚፈትሉት ወፍራም የአገር ጥጥ ስለሆነ ማሽኑ እስካሁን አልደረሰበትም። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» ብለውኛል፤ በክረምት ጋቢ የማይፈልግ የጎንደር ሰው የለም። ጥለት ግን ሰው ካላዘዛቸው አይጀምሩም።

ያን ቀን የእናቴን ነጠላ አዝዤ ስወጣ የእኅቴን ጨርቅ እንድተውላቸው ጠየቁኝ። ከአምስት ቀን በኋላ ሁለቱንም ልወስድ ሄድሁ። ጨርቁን ዘርግተው በፊት ለፊቱ፣ ከወገቡ በታች በመሐል የምትወርደውን አንዲት መስቀል አሳዩኝ። በመርፌ፣ ክር በክር እየቆጠሩ፣ የጎደለውን አራተኛ ደረጃ ሞልተውላታል። ጀርባውን ገለበጥሁት፤ ክሩ የታሰረበት ቦታ ይታያል።

«ሁሉንም ማረም አይቻልም» አሉኝ። «ሙሽራ ስትቆም ሰው የሚያየው ይቺን ነው።»

ስንት ልክፈል ስላቸው ጥቂት አሰቡና የግማሽ ቀን ሥራ እንደወሰደባቸው ነገሩኝ፤ የግማሽ ቀኑንም ዋጋ ነገሩኝ። ከኪሴ አውጥቼ ከፈልኋቸው። በሰርጉ ዕለት እኅቴ በድንኳኑ መሐል ስትቆም ዓይኔ ወደዚያች መስቀል ሄደ፤ በግራም በቀኝም አራት አራት ደረጃ ነበራት።